ከትከሻ ሥር የተሰበረ ክንድ፦ ኦፕራሲዮን ወይስ ማንጠልጠያ?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የ72 ዓመት እናቴ ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት በቀኝ ጎኗ ወደቀች። አወዳደቋ ከባድ የሚባል አልነበረም፤ ከቆመችበት ነው የወደቀችው፤ ይሁን እንጂ የቀኝ ክንዷ አጥንት ከትከሻዋ ሥር ተሰብሮ ተገኘ። ራጅና ሲቲ ስካን ተነሥታ በውጤቱ ላይ «ከቦታው የተንቀሳቀሰ፣ ባለ ሦስት ክፍል ስብራት» የሚል ተጽፏል። የአጥንቱ ራስ ከማቀፊያው እንዳልወለቀ፣ ቆዳውም እንዳልተቀደደ ነግረውናል፤ ጣቶቿንና የእጅ አንጓዋን እንደ ልብ ታንቀሳቅሳለች። አሁን ክንዷ በማንጠልጠያ ተይዞ ቤት ትገኛለች።

ግራ ያጋባን የሁለት ሐኪሞች አስተያየት ፈጽሞ መለያየቱ ነው። አንደኛው ስብራቱ በብረትና በብሎን መታሰር እንዳለበት፣ ይህም ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢደረግ እንደሚሻል፣ ጊዜው በገፋ ቁጥር ሥራው እንደሚከብድ አስረዳን። ሌላው ደግሞ ያንኑ ራጅ አይቶ፣ በእሷ ዕድሜ ክንዱን በማንጠልጠያ አሳርፎ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ መጀመር እንደሚበቃና ኦፕራሲዮኑ ከዚህ የተሻለ ውጤት ያመጣል ብሎ እንደማያምን ነገረን። ሁለቱም ልምድ ያላቸው የአጥንት ሐኪሞች ናቸው። ለእኛ ለቤተሰቦቿ ግን፣ በራጁ ላይ ተለያይቶ በዓይናችን የምናየው አጥንት ሳይነካ ይቆይ መባሉን ለመቀበል ከብዶናል።

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ በኪኒን ትቆጣጠረዋለች። ከመውደቋ በፊት የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻዋን የምትሠራ፣ የማንንም እርዳታ የማትጠብቅ ሴት ነበረች። ለመሆኑ ውሳኔው የሚመሠረተው በምን ላይ ነው? ኦፕራሲዮን ማድረጉ የማያጠያይቅ የሚሆነውስ መቼ ነው? የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁን አንረሳም።

የአጥንት ቀዶ ሐኪም

ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ራጁን ሳላይ ስለ እሳቸው ክንድ መወሰን አልችልም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩበት ጉዳይ በሙያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ በመሆኑ፣ አንዱ አዋቂ ሌላው አላዋቂ ነው ብለው እንዳያስቡ በቅድሚያ እለምንዎታለሁ።

የላይኛው ክንድ አጥንት በትከሻው በኩል አራት ክፍሎች አሉት፦ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚዞረው ክብ ራስ፣ ክንድን የሚያነሡና የሚያሽከረክሩ ጅማቶች የሚያርፉባቸው ትልቁና ትንሹ ጉብታ፣ እንዲሁም ወደ ክርን የሚወርደው ግንድ። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኒር በ1970 ባወጣው አከፋፈል መሠረት፣ ከእነዚህ አንዱ ከሌላው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ተንቀሳቅሷል ይባላል። ስለዚህ በእናትዎ ውጤት ላይ የተጻፈው «ባለ ሦስት ክፍል» የሚለው ቃል ሦስት ክፍሎች በዚህ መጠን መለያየታቸውን ይገልጻል እንጂ የስብራቱን መስመሮች ብዛት አይቆጥርም። ቁጥሮቹም ለመለያ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ከዚህ ያለፈ ሁሉ ኦፕራሲዮን ይደረግ የሚል ትእዛዝ የላቸውም። ሁለት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች አንድን ራጅ አይተው ክፍሎቹን በተለያየ መንገድ መቁጠራቸውም ደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

አብዛኛው የዚህ ዓይነት ስብራት ከቦታው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ያለ ኦፕራሲዮን መታከሙን የሚቃወም የለም። ክርክሩ ያለው እንደ እናትዎ ባለው፣ በተንቀሳቀሰው ላይ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው በብሪታንያ በ32 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2015 የታተመው ፕሮፈር የተባለው ጥናት ሲሆን፣ አማካይ ዕድሜያቸው 66 የሆነ 250 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በኦፕራሲዮን፣ ግማሾቹን በማንጠልጠያና በፊዚዮቴራፒ እንዲታከሙ አድርጎ ለሁለት ዓመት ተከታትሏቸዋል። ታካሚዎቹ ስለ ሕመማቸውና ስለ ዕለት ተዕለት ሥራቸው በሚሰጡት መልስ ላይ ተመሥርቶ ከ48 በሚታሰበው መመዘኛ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉት በአማካይ 39.07፣ ያልተደረጉት ደግሞ 38.32 አገኙ። ይህ ታካሚው በኑሮው ሊያስተውለው የሚችል ልዩነት አይደለም፤ በአምስተኛው ዓመት ሲታዩም ነገሩ አልተለወጠም። በ2022 የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ተቋም 47 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር የደረሰበት መደምደሚያ፣ ለአብዛኞቹ የተንቀሳቀሱ ስብራቶች ኦፕራሲዮን በአንድና በሁለት ዓመት የተሻለ ውጤት አያመጣም፣ ተጨማሪ ኦፕራሲዮን የማስፈለጉን ዕድል ግን ከፍ ሊያደርግ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው ሐኪም የተናገሩት ከዚህ ተነሥተው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሐኪም ሥጋትም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በጥናቱ ውስጥ እነማን እንዳልተካተቱ ማየት ያሻል፦ ስብራቱ ከውልቃት ጋር የተያያዘባቸውና ሐኪማቸው ያለ ጥርጥር ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል ያላቸው ታካሚዎች ከመነሻው ወደ ዕጣው አልገቡም። አጥንቱ ቆዳን ቀድዶ ከወጣ፣ በብብት ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ከተጎዳ፣ የአጥንቱ ራስ ራሱ ለሁለት ከተሰነጠቀ፣ ወይም ወልቆ በእጅ ሊመለስ ካልቻለ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም። ዕድሜያቸው ገና የሆነ፣ አጥንታቸው ጠንካራ የሆነና ስብራቱ በጣም የተለያየባቸው ሰዎችም ብዙውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ይደረግላቸዋል። ትልቁ ጉብታ ለብቻው ተሰብሮ ወደ ላይ ከተሳበ ደግሞ፣ ክንድ ሲነሣ ከትከሻው ጣሪያ ጋር ስለሚጋጭ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀሱ እንኳ ብዙ ሐኪሞችን ኦፕራሲዮን እንዲያስቡ ያደርጋቸዋል። እርስዎ ከጻፉት ከእነዚህ አንዱም በእናትዎ ላይ ያለ አይመስልም።

ብረቱ በአረጋውያን ላይ ለምን የሚጠበቀውን ያህል እንደማይጠቅም በአጭሩ ላስረዳ። የአጥንቱ ራስ በዕድሜ ውስጡ እየሳሳ ሲሄድ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሆናል፤ ብሎኖቹ የሚነክሱት ጠንካራ ነገር የሚያገኙት ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀጭን ንጣፍ ላይ ብቻ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት ራሱ ወደ ብብት በኩል ሲያዘነብል ብረቱና ብሎኖቹ ባሉበት ስለሚቀሩ፣ የብሎኖቹ ጫፍ ቅርፊቱን በስቶ ወደ መገጣጠሚያው ይወጣና የትከሻውን ማቀፊያ መፋቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ግድ ይሆናል። ወደ አጥንቱ ራስ የሚገባው ደም በስብራቱ ከተቋረጠም ራሱ ቀስ በቀስ ሊሞትና ሊደረመስ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙን ሲያገኙ አንድ ነገር በራጁ ላይ በጣታቸው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፦ በብብት በኩል ያለውን የአጥንቱን አንገት (ራሱ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ) ጠርዝ። ከራሱ ጋር ተያይዞ የቀረው የዚያ ጠርዝ አጥንት ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ ጠርዙም ከግንዱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንሸራተተ፣ ደሙ የመቋረጡ ዕድል ከፍ ይላል፤ ይህን ስዊዘርላንዳዊው ራልፍ ኸርተልና ባልደረቦቹ በ2004 አሳይተዋል። ደሙ የተቋረጠበት ራስ ሁሉ ግን አይደረመስም፤ ስለዚህ ምልክቱ ጥንቃቄን እንጂ ፍርድን አይሰጥም። ጠርዙ ተፈርክሶ ከሆነ ብረቱ የሚደገፍበት ስለሚያጣ፣ በእኔ እምነት ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብረት የማሰሩ ምክንያት ይበልጥ ይደክማል።

ብረት የገባለት

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከአራት ዓመት በፊት በ44 ዓመቴ ከሞተር ሳይክል ወድቄ ክንዴ በዚሁ ቦታ ስለተሰበረና ብረት ስለገባልኝ የማውቀውን ልጨምር። የእኔ ስብራት ከውልቃት ጋር ነበር፤ ራሱ ወደ ብብቴ ወርዶ ስለነበር ማንም «እንጠብቅ» አላለኝም። ስለዚህ የእኔን ታሪክ ለእናትዎ መለኪያ አድርገው እንዳይወስዱት፤ እኔን ያዳነኝ ኦፕራሲዮን ለእሳቸው ላያስፈልግ ይችላል።

ማንም ሳይነግረኝ ደርሶ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነበር። በትከሻዬ ውጫዊ ገጽ ላይ፣ የክትባት መርፌ በሚወጋበት አካባቢ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ቆዳ ደንዝዞ ነበር። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በጥጥ እየዳበሰ «ይህ ይሰማሃል? ይህስ?» እያለ ሲጠይቀኝ ቆይቶ፣ ክንዴን ሳላነሣ የትከሻ ጡንቻዬን ብቻ እንዳጠብቅ አዝዞ መጥበቁን በእጁ ያዘና በካርዱ ላይ ጻፈው። ኋላ እንደተረዳሁት፣ የትከሻውን ትልቅ ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ በዚያ አጥንት አንገት ዙሪያ የሚጠመጠም በመሆኑ በስብራቱም በኦፕራሲዮኑም ሊጎዳ ይችላል። ከቢላዋው በፊት ያልተመዘገበ ድንዛዜ በኋላ ምን እንዳመጣው መለየት ስለሚያስቸግር፣ የእናትዎ ነርቭ መፈተሹንና በካርዳቸው ላይ መጻፉን ያረጋግጡ። የእኔ ነርቭ በወራት ውስጥ ተመልሷል።

ኦፕራሲዮን ማለት ከፊዚዮቴራፒ ነጻ መውጣት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለም ተስፋውን ቢያርም ይሻላል። ብረቱ አጥንቱን ይዞልኛል፤ ክንዴን ከራሴ በላይ ያነሣሁት ግን ወራት በፈጀ፣ አንዳንዴም እንባ በሚያመጣ ልምምድ ነው። ዛሬም ከጀርባዬ እጄን ሳዞር ከሌላኛው ክንድ ጋር አይስተካከልም።

የትከሻ ኦፕራሲዮን ባለሙያ

የሥራ ባልደረባዬ ከላይ በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ክርክሩ «ብረት ወይስ ማንጠልጠያ» ተብሎ ብቻ መቅረቡ ዛሬ ያለንን አማራጭ ሙሉ በሙሉ አያሳይም። ፕሮፈር ውስጥ ከተደረጉት ኦፕራሲዮኖች አብዛኞቹ ብረት ማሰር ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የአጥንቱን ራስ ብቻ በሰው ሠራሽ ራስ መተካት ነበሩ። ለአረጋውያን ዛሬ ይበልጥ የሚሠራው የተገለበጠው ሰው ሠራሽ ትከሻ በዚያ ጥናት አልተመዘነም ማለት ይቻላል።

የተገለበጠው ትከሻ ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን በ1985 ያስተዋወቀው ንድፍ ነው። በተፈጥሮ ኳሱ በክንድ በኩል፣ ማቀፊያው በትከሻ አጥንት በኩል ሲሆን በዚህ ንድፍ ቦታቸው ይቀያየራል፤ በዚህም ምክንያት የትከሻው ትልቅ ጡንቻ፣ በስብራቱ የተፈናቀሉት ጉብታዎችና ጅማቶቻቸው ባይረዱት እንኳ፣ ክንዱን ብቻውን ለማንሣት የሚያስችል ጉልበት ያገኛል። የአጥንቱን ራስ ብቻ በመተካት ግን ውጤቱ ጉብታዎቹ በቦታቸው በመግጠማቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ በሳሳ አጥንት ላይ ጉብታዎች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ከ65 እስከ 85 ዓመት ያሉ፣ ክፉኛ የተንቀሳቀሰ ስብራት የደረሰባቸው 124 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመው የኖርዌዩ ዴልፊ ጥናት የተገለበጠውን ትከሻ ከብረት ጋር አወዳድሮ፣ በሁለት ዓመት ከ100 በሚታሰበው መመዘኛ 68.0 ለ54.6 በሆነ ውጤት የተገለበጠው ብልጫ እንዳለው አሳይቷል።

ስለዚህ ለ72 ዓመት እናት ኦፕራሲዮን ይደረግ ከተባለ፣ «ለምን ብረት? ለምን የተገለበጠ ትከሻ አይሆንም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህኛው ቅድመ ሁኔታው ከላይ በጥጥ የተፈተሸው ነርቭ መሥራቱ ነው፤ የትከሻው ትልቅ ጡንቻ ካልታዘዘ የተገለበጠው ትከሻ የሚያነሣው የለም። አደጋዎቹም እንደ ማንኛውም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ኢንፌክሽን፣ መውለቅና በዙሪያው ያለው አጥንት መሰበር ናቸው፤ የስኳር ሕመምም የኢንፌክሽኑን ሥጋት ከፍ ያደርገዋል። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስኳራቸው በሚገባ መስተካከል አለበት።

የአጥንት ቀዶ ሐኪም

የባልደረባዬ አስተያየት የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ዴልፊ የተገለበጠውን ትከሻ ያወዳደረው ከብረት ጋር እንጂ ከማንጠልጠያ ጋር አይደለም። ብረትን ማሸነፉ ማንጠልጠያን ያሸንፋል ማለት አይሆንም፤ ምክንያቱም ብረቱ ራሱ በአረጋውያን ላይ ማንጠልጠያን አላሸነፈም። ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የተገለበጠ ትከሻ አድርጎ ካላደረጉት ጋር ያነጻጸረ የስፔን ጥናት ያገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር።

ደግሞም የተገለበጠው ትከሻ እንደ ብረቱ የሁለት ሳምንት ጥድፊያ የለበትም። ያለ ኦፕራሲዮን ታክመው ከወራት በኋላ ክንዳቸው አልነሣ ያላቸውና ሕመሙ ያልተዋቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ ሊደረግላቸው ይችላል፤ ይህም ከከሸፈ ብረት በኋላ ከሚደረገው በሥራም በውጤትም ይሻላል። ለእኔ ይህ በእናትዎ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ ነው፦ ዛሬ ማንጠልጠያን የመረጠ ሰው በሩን አልዘጋም።

ፊዚዮቴራፒስት

ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥተን ወደ ቤት እንመለስ፤ «ያለ ኦፕራሲዮን ሕክምና» ሲባል ብዙ ቤተሰብ «ያለ ሕክምና» ብሎ ስለሚሰማው፣ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር ልጻፍ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ ከስብራቱ የፈሰሰው ደም በክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ክንዱ እስከ ክርን፣ አንዳንዴም ጡትና ጎን ድረስ መጥቆሩ ነው፤ ይህ ቀለሙ ወደ ቢጫነት እየተለወጠ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው በድጋሚ ራጅ ላይ የሚታይ ነው፦ የትከሻው ጡንቻ በጉዳቱ ስለዛለ የአጥንቱ ራስ ከማቀፊያው ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ቤተሰብም «ወለቀ» ብሎ ይሸበራል። ጡንቻው ሲነቃ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ማንጠልጠያው በዋናነት ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሕመሙን ለማስታገሥ ይደረጋል። ጣቶች፣ የእጅ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀን ብዙ ጊዜ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ እጅ አብጦ ከደረቀ ከትከሻው የባሰ ችግር ይሆናል። ቀለበት ካለ ዛሬውኑ ይውለቅ። ሲተኙ ጀርባቸው በትራስ ከፍ ብሎ፣ ግማሽ ተቀምጠው ቢሆን ይሻላል፤ ከክርናቸው በታችም ትንሽ ትራስ ይደረግ፤ አለዚያ ክንዱ ወደ ኋላ ሲወድቅ በሌሊት በሕመም ይነቃሉ። ብብታቸው በየቀኑ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ ለዚህም በጤነኛ እጃቸው ጠረጴዛ ተደግፈው ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የታመመው ክንድ ራሱ ከጎናቸው ይርቃል።

ይህ ጎንበስ ያለ አቋቋም ለመጀመሪያው ልምምድም ያገለግላል። ክንዱ እንደ ተንጠለጠለ፣ ወገባቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዙ ክንዱ ይከተላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰውነታቸው መሆን ሲገባው በትከሻቸው ጡንቻ ሊያሽከረክሩት ይሞክራሉ፤ ፊታቸው ሲጨማደድና ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ሲሸሽ ካዩ ጡንቻውን እየተጠቀሙ ነው ማለት ነው። ብዙም ባልተንቀሳቀሱ ስብራቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ የጀመሩ ሰዎች ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጀመሩት ያነሰ ሕመምና የተሻለ እንቅስቃሴ አግኝተዋል። በተንቀሳቀሰው ላይ ግን ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ግንዱና ራሱ አንድ ላይ መንቀሳቀሳቸውን በእጁ መርምሮ ማረጋገጥ አለበት። በስድስት ሳምንት ገደማ ራጁ መግጠም መጀመሩን ካሳየ በራሳቸው ጡንቻ ማንሣት ይጀምራሉ፤ ክብደት የሚጨመረው ወደ ሦስተኛው ወር ነው።

የምትጠብቁትን ከአሁኑ ብታውቁ መልካም ነው። ፀጉራቸውን ማበጠርና ልብሳቸውን መልበስ አብዛኞቹ ይችላሉ፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ከባድ ዕቃ ማስቀመጥ ግን ላይመለስ ይችላል። ብዙው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቢመጣም እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ መሻሻሉ ይቀጥላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ትከሻቸው ለመድረቅ ስለሚቸኩል፣ ለእናትዎ ልምምድ የማቋረጥ ቅንጦት የለም።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ እናትዎ ራሳቸው ምን እንደሚሉ አላነበብሁም።

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጻፋችሁልን መሠረት ጥያቄዎቹን ይዤ የመጀመሪያውን ሐኪም ትናንት አነጋገርሁት። በብብት በኩል ያለውን ጠርዝ በሲቲ ስካኑ ላይ አሳየኝ፤ ተፈርክሷል፣ ሆኖም ከራሱ ጋር የቀረው አጥንት ከ8 ሚሊ ሜትር እንደሚበልጥ ነገረኝ። የትከሻዋ ቆዳ ስሜት ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ተገለበጠው ትከሻ ስጠይቀው፣ እሱ ራሱ ይህን ኦፕራሲዮን እንደማይሠራና የሚሠራ ባለሙያ ጋር ሊልከን እንደሚችል በቅንነት ነገረኝ።

እናቴም ተጠይቃለች። «ራሴን የማጥበው በራሴ እጅ ከሆነ፣ መደርደሪያው ዝቅ ይበል» አለች፤ ኦፕራሲዮኑ ግዴታ ካልሆነ እንደማትፈልገው አስረግጣ ተናግራለች። ስለዚህ በማንጠልጠያ ልንቀጥል አስበናል። ቀሪው ጥያቄዬ፣ ሐሳባችንን መለወጥ እንዳለብን የሚያስገነዝበን ምልክት ምንድን ነው የሚል ነው።

የአጥንት ቀዶ ሐኪም

እናትዎ ውሳኔውን በግልጽ ቋንቋ አስቀምጠውታል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ራጅ ይነሡ፤ አዲሱ ራጅ ብቻውን ሳይሆን ከፊተኛው ጎን ለጎን ተደርጎ ይታይ። ግንዱ ከራሱ ሙሉ በሙሉ ሸሽቶ አጥንት ከአጥንት ጋር የማይነካካ ከሆነ ላይገጥም ስለሚችል ውይይቱ እንደገና መከፈት አለበት። ትልቁ ጉብታ ወደ ላይ እየተሳበ ከሄደም እንዲሁ ነው። ትንሽ ማዘንበል ግን ይጠበቃል፤ ትከሻ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መገጣጠሚያ በመሆኑ አጥንቱ ጥቂት ተጣምሞ ቢገጥም እንኳ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ይሠራል። እጃቸው ከቀዘቀዘና ከነጣ፣ ወይም ጣቶቻቸው አዲስ ድንዛዜና ስንፈት ካሳዩ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

እስካሁን ማንም ያላነሣው ጉዳይም አለ። ከቆሙበት ወድቀው አጥንታቸው መሰበሩ ብቻውን የአጥንት መሳሳት ምልክት ነው፤ ይህ ስብራት የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ የዳሌ አጥንቱን የመስበር ሥጋቱ ከእኩዮቹ በእጅጉ ከፍ ይላል። የአጥንታቸው ጥግግት ይለካ፣ የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ይታይ፣ አጥንትን የሚያጠነክር መድኃኒት ስለመጀመርም የስኳር ሐኪማቸውን ጭምር ያማክሩ። ያን ዕለት ያዳለጣቸው እርጥብ ወለል ብቻ መሆኑንም ያጣሩ፤ አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ስኳርን ከሚገባው በታች በማውረድ ያጥወለውላሉ። ከመውደቃቸው በፊት ላብ አልቧቸው ወይም ዓይናቸው ጨልሞባቸው እንደ ነበር ጠይቀው መልሳቸውን ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ካለበት ማንጠልጠያው ከመውለቁ በፊት ይስተካከል።